ክሬሸር ለድንጋይ ነው

እሱ፦ «ክራሽ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በክሬሸር በኩል አማርኛ ገብቶ ቀርቷል። ጠጠር ማምረቻውን ሁሉም ሰው በዚሁ ስም ነው የሚጠራው።

እሷ፦ ለድንጋዩ እሺ። ሸዋ ሮቢት ገበያ ላይ ግን «ማሾውን ክራሽ አድርጉልኝ» ብትል ይስቁብሃል። ማሾ ይከካላ!

እሱ፦ ማሽላውስ?

እሷ፦ ለእንጀራ ልም ሆኖ ይፈጫል፤ ለቅንጬ ከሆነ መሸርከት ይበቃዋል። እሸት በርበሬው ከነነጭ ሽንኩርቱ ይደቆሳል፣ ቡናው በሙቀጫ ይወቀጣል። ቲማቲም ላይ መኪና ቢሄድበት ደግሞ ተጨፈለቀ ነው።

እሱ፦ እንግሊዝኛውንም አንበድለው፤ ለመፍጨት ሌላ ቃል አለው። ክራሽ ተጭኖ መሰባበር ነው። አመፅ ሲደፈጠጥም ይሉታል፣ ወጣቶቹ ደግሞ በድብቅ ለወደዱት ሰው።

እሷ፦ እሱን ለወጣቶቹ ተውላቸው! እኔን የሚገርመኝ የድንጋይ ወፍጮ ነው። መጁ ሲመላለስበት ይልግና እህሉን ሳያደቅ ያንሸራትተዋል።

እሱ፦ ያኔ ይወቀራል።

እሷ፦ አዎ፣ ፊቱ እስኪሻክር በመውቀሪያ መታ መታ እያደረጉ። ከዚያም የመጀመሪያውን ዱቄት አሸዋ ሊኖርበት ስለሚችል ለይተው ያስቀምጡታል።

እሱ፦ የሞተር ወፍጮውም ድንጋይ ካለው ያው ነው፤ ባለወፍጮው ሲወቅር ወረፋው ቆሞ ይጠብቃል።