ስለ ወጌሻና ስለ ወገባችን
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ጤና አንድ ነገር እንድንናገር ሲጠይቀን፣ «እኛ ታክሲ ነጂዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም» ብለን ነበር። በኋላ ስናስበው ግን ስለ ወገብ ሕመም ከእኛ የበለጠ ማን ያውቃል? በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት መቀመጥ፣ በኤርፖርቱ ወረፋ አንገትን አጣምሞ ማንቀላፋት፣ የመንገደኛ ሻንጣ ማንሳት በሚገባ አስተምሮናል።

እንደሚታወቀው ሀገር ቤት እጁ ወይም እግሩ ወለም ያለው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው በቅቤ ያሻል፣ የወለቀውን ይመልሳል፣ የተሰበረውን በቀርከሃ ይጠግናል። ስሙም የተከበረ በመሆኑ በአዲስ አበባ ስታዲየም ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳውን ይዞ የሚሮጠውን ባለሙያ እስከ ዛሬ የምንጠራው ወጌሻ ብለን ነው።

ፈረንጆቹም ይህን አልናቁትም። አንድሩ ቴይለር ስቲል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1874 ኦስቲዮፓቲ የተባለውን፣ በእጅ ማከምን የሚጨምር የሕክምና ዘዴ አስተዋወቀ፤ በ1892ም ሚዙሪ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፈተ። ዛሬ ዲ.ኦ. የሚል ማዕረግ ያላቸው ሐኪሞች እንደ ኤም.ዲ.ዎቹ ሁሉ መድኃኒት ያዝዛሉ፣ ቀዶ ጥገናም ያደርጋሉ። የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የኦስቲዮፓቲ ኮሌጅ እዚሁ አጠገባችን ደብሊን ውስጥ ቅርንጫፍ አለው። ለማሳጅ ባለሙያም ፈቃድ የሚሰጠው የኦሃዮ የሕክምና ቦርድ ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 ያወጣው መመሪያ፣ አዲስ ለጀመረ የወገብ ሕመም ከክኒን በፊት ሙቀትና ማሳጅ የመሳሰሉት ይሞከሩ ይላል። የማሳጁ ማስረጃ ደካማ መሆኑንና አብዛኛው ሰው በጊዜ ብዛት እንደሚሻለውም አልደበቀም። ያም ሆኖ «ሞቅ አድርገህ ታሸው» ያሉን እናቶቻችን አልተሳሳቱም።

ክፉ ጎኑንም መናገር አለብን። ጠገናው ከጠበቀ ደም ይቋረጣል፣ ሥጋው ይሞታል። በዚህ ምክንያት እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት መኖራቸውን የሀገራችን ሐኪሞች በተደጋጋሚ ጽፈዋል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ባለፈው ክረምት፣ በበረዶው ጊዜ፣ ከእኛ ከነጂዎቹ የአንዱን ግራ ባት አመመው። ስሙን አንጠራም፤ እዚሁ አዳራሽ ተቀምጦ እየሰማን ነው። የጡንቻ መሸማቀቅ መስሎት ሦስት ቀን ነዳበት። የታክሲው ኪራይ በሳምንት የሚከፈል ነው፤ የሆስፒታል ሂሳብም ያስፈራል። በአራተኛው ቀን ሁላችንን ያለ ክፍያ ወደሚያሹን እናታችን ዘንድ ሄደ። እሳቸውም ሁለቱንም ባቶች በእጃቸው አመዛዘኑና፣ «ይኼኛው አብጧል፣ ይፋጃልም፤ አላሽልህም፣ ሐኪም ይየው» አሉት። ቅር ብሎት ነበር የወጣው። ሆስፒታል ሲመረመር በደም ሥሩ ውስጥ ደም ረግቶ ተገኘ። ሐኪሙ እንደነገረው፣ የረጋው ደም ቢታሽ ተላቆ ወደ ሳንባ ሊሄድና ሊገድለው ይችል ነበር። ብዙ ሰዓት ሳይነሱ መቀመጥ ለዚህ ያጋልጣል፤ ከእኛ ሥራ ይልቅ ለዚህ የሚመች የትኛው ነው?

ስለዚህ አንዱ እግር ብቻ ካበጠና ከሞቀ፣ እጅ ወይም እግር ከደነዘዘ ወይም ከሰነፈ፣ ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ከመኪና ግጭት በኋላ አንገት ካመመ፣ መታሸቱ ይቆይና ሐኪም ይቅደም። እንግሊዝኛው የሚያስቸግረው አባል ካለ አብረን ሄደን እናስተረጉማለን። ወረቀቱ ከበሩ አጠገብ አለ፤ ፈቃደኛ የሆናችሁ ዛሬ ማታ ተመዝገቡ።

እናታችን አሁን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ወገቡን ይዞ ወደ እሳቸው የሚሄድ ሰው ቢኖር፣ እባካችሁ፣ መጀመሪያ እራታቸውን ያስጨርሳቸው።