ሳይቃጠል በቅጠል፤ የቤት ልብስ ማድረቂያ መኪና አያያዝና የብልሽቱ አፈላለግ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ልብስ ማድረቅ ለዘመናት የፀሐይና የነፋስ ሥራ ሆኖ ኖሯል። የታጠበው ሸማ በገመድ ላይ ሲሰጣ ውኃውን ወደ ተን የሚለውጠው የፀሐይ ሙቀት ነው፤ ተኑን ጠርጎ የሚወስደው ግን ነፋስ ነው። አየሩ እርጥበት በጠገበበትና ነፋስ ባልነቃነቀው የክረምት ቀን የተሰጣ ልብስ ውሎ ቢያድርም እንደማይደርቅ ልብስ ያጠበ ሁሉ ያውቃል። የቤት ልብስ ማድረቂያ መኪናም ከዚህ ሕግ አልወጣም፤ ፀሐይንና ነፋስን በአንድ የላሜራ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ ያሠራል እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። እንግዲህ ስለ መኪናው ሊነገር የሚገባው ቁም ነገር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። ማድረቂያ በመጀመሪያ የአየር መኪና ነው፤ የሙቀት መኪናነቱ ከዚያ ይከተላል። ይህን ቅደም ተከተል የዘነጋ ባለቤት ገንዘቡን ያባክናል፤ የዘነጋ ባለሙያ ግን የሰው ቤት ለእሳት ይዳርጋል።

የመኪናው ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። ጆርጅ ሳምፕሰን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1892 የፈጠራ መብት የተቀበለበት ማድረቂያ ልብስን ከምድጃ ሙቀት አጠገብ የሚያንጠለጥል መደገፊያ ነበር። ሙቀቱን አቀረበ፤ የሚነዳ ነፋስ ግን አልነበረውም። በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት የነበረው የሃሚልተን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1938 ለገበያ ባወጣው መኪና ግን ከበሮው ልብሱን ያንከባልላል፤ ሞቃት አየርም በመካከሉ ያልፋል። ዛሬ በአሜሪካ ቤቶች ውስጥ የሚገኘው ማድረቂያ የዚያው ዝርያ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም እንደ ምድጃ ሁሉ የዘወትር ዕቃቸው አድርገውታል።

አሠራሩ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። ማራገቢያው የክፍሉን አየር ይስባል፤ አየሩ በማሞቂያው ሽቦ ወይም በጋዙ ነበልባል በኩል አልፎ ይሞቃል፤ ወደ ከበሮው ገብቶ በሚንከባለለው ልብስ መካከል ያልፋል፤ እርጥበቱን ተሸክሞ በወንፊቱ ይጣራል፤ በመጨረሻም በቱቦው ወደ ውጭ ይወጣል። በሰሜን አሜሪካ በተለመደው የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ማሞቂያው ወደ 5,400 ዋት ኀይል ይወስዳል፤ በደቂቃም ወደ 3 ወይም 4 ሜትር ኩብ አየር ያልፍበታል። ከማጠቢያው የወጣው ልብስ 3 ሊትር ውኃ ይዞ ቢገባ፣ ያንን ውኃ ወደ ተን ለመለወጥ ብቻ ወደ 2 ኪሎዋት ሰዓት ኀይል ያስፈልጋል። ተኑም በቱቦው መውጣት አለበት። መውጫ ካጣ ልብሱ እንደ ረጠበ ይቆያል፤ ማሞቂያውም ሙቀቱን የሚጠርግለት አየር ስለሚያጣ ከመጠን በላይ ይግላል።

የአየሩ ቀንደኛ ጠላት ከልብስ የሚረግፈው ብናኝ ነው። ወንፊቱ አብዛኛውን ይይዛል እንጂ ሁሉን አይዝም፤ የቀረው በማራገቢያው ቤት፣ በማሞቂያው ዙሪያና በቱቦው ግድግዳ ላይ ይከማቻል። ደረቅ የጥጥ ብናኝ ደግሞ ለእሳት እንደ ጭድ ነው። በእጅ ከተፈተለ ጥጥ የሚሠራው ጋቢ በዚህ ረገድ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። አራት እጥፍ በመሆኑ ብዙ ውኃ ይይዛል፤ ብናኙም ብዙ ነው፤ በከበሮው ውስጥ ሲጠቀለል ላዩ ደርቆ ውስጡ ርጥብ ሆኖ ይቀራል። ስለሆነም ጋቢ ብቻውን ገብቶ፣ በመካከል ወጥቶ ተዘርግቶና ተገልብጦ ሊመለስ፣ ወንፊቱም እዚያው ላይ ሊጸዳ ይገባል።

የቸልተኝነት ዋጋ በቁጥር የታወቀ ነው። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 ያሉትን ዓመታት መርምሮ እንዳስታወቀው፣ በመኖሪያ ቤቶች በያመቱ በአማካይ 2,900 ያህል እሳት ከልብስ ማድረቂያ ተነሥቷል፤ 5 ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ 100 ያህል ቆስለዋል፤ 35 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ንብረት ጠፍቷል። ከመንሥኤዎቹ ሁሉ የመጀመሪያው አለማጽዳት ሲሆን፣ ድርሻውም 34 በመቶ ነበር። ይህ አኀዝ ሊያሳዝን ብቻ ሳይሆን ሊያጽናናም ይገባል፤ በእጅና በብሩሽ ሊወገድ የሚችል አደጋ መሆኑን ያሳያልና።

የጽዳቱ ሥርዓት እንዲህ ነው። ወንፊቱ ከያንዳንዱ ማድረቅ በፊት ወይም በኋላ ይጸዳል። የልብስ ማለስለሻ ወረቀት የሚጠቀም ቤተሰብ ደግሞ ወንፊቱን በየጊዜው ከቧንቧ ሥር ይፈትን። ውኃው ሳያልፍ በላዩ ከቆመ፣ ዓይን የማያየው ሰም መሰል ሽፋን ደፍኖታልና በሙቅ ውኃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠብ። ቱቦው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ከነመውጫው ይጠረግ። መውጫው ላይ ያለው ክዳን መኪናው ሲሠራ በሚገባ መከፈት፣ ሲቆም መዘጋት አለበት። ወፍ እንዳይገባ ተብሎ ወንፊት ወይም ሽቦ ቢደረግበት ብናኝ ይይዝና ራሱ መድፈኛ ይሆናል።

የቱቦው አሠራርም ከጽዳቱ አያንስም። ቱቦው ውስጡ ለስላሳ የሆነ ድርቅ ያለ ብረት፣ ስፋቱም 10 ሴንቲሜትር ያህል ሊሆን ይገባል፤ የፕላስቲክ ተጣጣፊ ቱቦ ግን ከቶ አይፈቀድም። በአሜሪካ ብዙ ክፍለ ግዛቶች መሠረት ያደረጉት የመኖሪያ ቤቶች የግንባታ ደንብ የቱቦውን ርዝመት በ35 ጫማ፣ ማለትም በ10.7 ሜትር ገደማ ይወስናል። የ90 ዲግሪ መታጠፊያ በተጨመረ ቁጥርም በተለመደው አሠራር 5 ጫማ ይቀንሳል፤ ሁለት ጊዜ የታጠፈ ቱቦ 25 ጫማ ብቻ ይፈቀድለታል ማለት ነው። መጋጠሚያውን ለማጥበቅ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ብሎን መምታትም ብናኝ ማጥመጃ መሥራት ነው። በጋዝ በሚሠራው ማድረቂያ የቱቦው መላቀቅ ከሁሉ ይከፋል፤ የሚገድለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ወደ መኖሪያ ክፍል ይገባልና።

ወደ ብልሽት አፈላለግ ሲመጣ፣ ባለሙያው ብሎን ከመፍታቱ በፊት ማዳመጥና መጠየቅ ይገባዋል። አንደኛ፣ መኪናው ጨርሶ ካልተነሣ ስፒናው፣ ብሬከሩ፣ የበሩ ስዊች፣ ቀጥሎም የሙቀት ፊውዙ ይመረመራሉ። ቺንጋው ሲበጠስ ሞተሩን የሚያቆም ስዊች ያላቸው መኪናዎችም አሉ።

ሁለተኛ፣ ከበሮው እየዞረ ሙቀት ከሌለ፣ አስቀድሞ የሚታየው ብሬከሩ ነው። የአሜሪካ ቤት ኤሌክትሪክ የሚገባው እያንዳንዳቸው 120 ቮልት ባላቸው ሁለት መሥመሮች ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል 240 ቮልት ይገኛል። ሞተሩ በአንዱ መሥመር ይዞራል፤ ማሞቂያው ግን ሁለቱንም ይሻል። ስለዚህ አንዱ መሥመር ሲቋረጥ መኪናው ጤነኛ መስሎ ይዞራል፤ ልብሱ ግን አይሞቅም። ብሬከሩ ደኅና ከሆነ፣ ስፒናው ተነቅሎ የማሞቂያው ሽቦ ከመሥመሩ ተላቆ በቴስተር ይለካል፤ ወደ 10 ኦም ካነበበ ደኅና ነው፤ ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። ከሽቦው ጫፍ ወደ መኪናው አካል መለካትም አይዘንጋ፤ ሽቦው አካሉን ከነካ ቴርሞስታቱ ሳይቆጣጠረው ሊግል ይችላል።

ሦስተኛ፣ መኪናው እየሞቀ ልብሱ ሳይደርቅ ከዘገየ፣ ችግሩ በአብዛኛው የአየር ነው። መኪናው የኤሌክትሪክ ከሆነ ቱቦው ለጥቂት ጊዜ ተላቆ ቢፈተንና ማድረቁ ቢሻሻል ጥፋቱ ከቱቦው ነው። ማጠቢያው ውኃውን አጥብቆ አለመጭመቁም መታየት አለበት። አራተኛ፣ ልብሱ ሳይደርቅ መኪናው በራሱ ከቆመ፣ በከበሮው ውስጥ ያሉት ሁለት የእርጥበት መለኪያ ብረቶች በማለስለሻ ሰም ተሸፍነው ይሆናልና በአልኮል ይጠረጉ። አምስተኛ፣ ምት ያለው ድምፅ ከበሮውን የተሸከሙትን ጎማዎች ማለቅ፣ ፉጨት ደግሞ የቺንጋ መወጠሪያውን መድረቅ ያመለክታል። የመቃጠል ሽታ ከመጣ ግን ምርመራ የለም፤ መኪናው ወዲያው ይጠፋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የባለሙያው ኅሊና የሚፈተነው በአንዲት ትንሽ ዕቃ፣ በሙቀት ፊውዙ ላይ ነው። ይህ ፊውዝ በብዙ መኪናዎች ከአየሩ መውጫ አጠገብ ተቀምጦ፣ ሙቀቱ ወደ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ አንድ ጊዜ ተቃጥሎ መሥመሩን ይቆርጣል። ዋጋው ጥቂት ነው፤ ለመለወጥም ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ባለቤቱ ይደሰታል፤ ባለሙያውም ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ነገር ግን ፊውዙ በከንቱ አልተቃጠለም፤ አየሩ መታፈኑን ወይም ቴርሞስታቱ መታመሙን መስክሮ ነው የሞተው። ቱቦውን ሳይመለከቱ ፊውዙን መለወጥ ምስክሩን ሳይሰሙ እንደ ማሰናበት ይቆጠራል። ፊውዙን አውጥቶ ሁለቱን ሽቦዎች በቀጥታ ማገናኘት ደግሞ ጥገና ሳይሆን ወንጀል ነው፤ ቤተሰቡ ሌሊት ተኝቶ ሳለ የሚጠብቀውን ዘብ አንስቶ መሄድ ነውና።

ማድረቂያው ከደረቀ በኋላም የሚያሰጋ ነገር አለ። በምግብ ዘይት የራሰ የወጥ ቤት ጨርቅ ታጥቦም የዘይት ቅሪት ይይዛል። ቅሪቱ ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ሙቀት ይፈጥራል፤ ጨርቁ ከማድረቂያው በትኩሱ ወጥቶ ከተከመረ፣ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ክምሩ ራሱ ሊነድ ይችላል። በውጭ አገር የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ለከፈቱ ወገኖች ይህ ማስጠንቀቂያ የግድ ሊደርስ ይገባል። እንዲህ ያለ ጨርቅ በገመድ ላይ ይድረቅ፤ ማድረቂያ ውስጥ ከገባም የመጨረሻው የማቀዝቀዣ ዙር ሳይቋረጥ ይፈጸም፤ ጨርቁም ተዘርግቶ ይቀዝቅዝ።

አንዳንዶች ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ማድረቂያቸውን በኮንቴነር ይዘው ለመምጣት ያስባሉ። በኢትዮጵያ የቤት መሥመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካው መኪና ደግሞ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው። ማሞቂያው በ220 ቮልት ቢሠራም፣ ሞተሩ የሚሻው 120 ቮልት በቀጥታ አይገኝም፤ 220 ቮልት ከተሰጠውም ይቃጠላል። በመቀነሻ ትራንስፎርመር 120 ቮልት ቢያገኝ እንኳ፣ በ50 ኸርዝ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ማራገቢያውም በዚያው መጠን ያነሰ አየር ይገፋል። ስለሆነም ነገሩ ዞሮ ዞሮ አየር ዘንድ ይመለሳል። ፀሐይ በነጻ በምታደርቅበት አገር ይህን ያህል መድከም የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ ባለቤቱ ራሱ ይመርምር።

ቱቦ የሌላቸውና ተኑን ወደ ውኃ መልሰው በመያዣ የሚያጠራቅሙ ማድረቂያዎች በአውሮፓ የተለመዱ ናቸው። እነዚህም ቢሆኑ ከሕጉ አያመልጡም፤ መያዣቸው ካልተደፋ፣ ወንፊታቸውና ማቀዝቀዣቸው አምራቹ እንዳዘዘው ካልጸዱ አየሩ ይታፈናል፤ ሥራውም ይዘገያል።

በጠቅላላው ባለቤት ወንፊቱን፣ ባለሙያ ቱቦውን፣ ቤት ሠሪም የቱቦውን መንገድ ከጠበቀ፣ ይህ መኪና ረጅም ዘመን የሚያገለግል ታማኝ ዕቃ ነው። አንዱ ድርሻውን ሲዘነጋ ግን የሌሎቹ ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃም። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። በማድረቂያ ረገድ ቅጠሉ በአንድ እጅ ተጠርጎ የሚወጣው ብናኝ ነው፤ ባለሙያም ከደንበኛው ቤት ከመውጣቱ በፊት ከመውጫው የሚወጣውን አየር በእጁ መዳፍ ለክቶ ይሂድ።