ፋይል ለመለዋወጥ የሚሆን ቪፒኤን ስለ መምረጥ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክና ቴሌግራም በተገደቡ ጊዜ ብዙዎቻችን ያገኘነውን ቪፒኤን ጫንን። ዛሬም ልጆቻችን ፋይል የሚለዋወጡት በእሱው ነው።

እኛም ጠይቀን እንደተረዳነው ነገሩ እንዲህ ነው። በቶረንት ስንለዋወጥ፣ ያንኑ ፋይል የሚለዋወጥ ሁሉ የመስመራችንን የአይፒ አድራሻ ያያል። ቪፒኤን በእኛ ፈንታ የራሱን አድራሻ ያሳያል። እሱ ግን የእኛን ያውቃል። ምስጢራችንን ከብዙዎች ሸሽገን ለአንዱ አደራ ሰጠን ማለት ነው። ታዲያ አደራ ተቀባዩ ማነው?

«መዝገብ አንይዝም» ሁሉም ይላል። ዩፎ ቪፒኤንም እንዲሁ ይል ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ግን የተጠቃሚዎቹ መዝገብ ሳይቆለፍ ተገኘ። በአንጻሩ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የስዊድን ፖሊስ የፍተሻ ትእዛዝ ይዞ ሙልቫድ ከተባለው ድርጅት ቢሮ ቢሄድ፣ ድርጅቱ እንደገለጸው የሚወሰድ የደንበኛ መዝገብ ስላልነበረ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ስለዚህ ስንመርጥ፦

1ኛ/ መዝገብ አለመያዙ በገለልተኛ መርማሪ የታየ ወይም በተግባር የተፈተነ ይሁን።
2ኛ/ ፋይል መለዋወጥን የሚፈቅድ ይሁን። የፕሮቶን በነጻ የሚሰጠው ቶረንትን አይፈቅድም።
3ኛ/ ቪፒኤኑ ሲቋረጥ ኢንተርኔቱንም አብሮ የሚያቋርጥ ይሁን፤ አለበለዚያ አድራሻችን ሳናውቀው ይወጣል።

ቪፒኤን አድራሻ ይሸፍናል እንጂ የሰው ፊልምና ዘፈን ማባዛትን ሕጋዊ አያደርግም። ይህንንም ለልጆቻችን እንንገር።

ዛሬ ማታ ስልካችንን እንይ፤ ባለቤቱን የማናውቀውን ቪፒኤን እናጥፋ።

የማኅበሩ ጸሐፊ