ዐቢይ ቀመር፥ ቍጥር 532
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)





በአዲ አርቃይ ልጁን ለመዳር የሚያስብ አባት ዐቢይ ጾም የሚገባበትን ቀን አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ድግሱ ከጾሙ በፊት መበላት አለበትና። አንድ ጊዜ አንድ አባት ይህን ቢጠይቁን፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንት ዓመት ሒሳብ የተማርን እኛ ዝም አልን። አጠገባችን የነበሩ መሪጌታ ግን በጣታቸው አንጓ ቈጥረው ወዲያው ነገሩአቸው። በጣም አፈርን። በኋላ እኒሁ መሪጌታ አስተማሩን።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት 19ን ንዑስ ቀመር፥ 76ን ማዕከላዊ ቀመር፥ 532ን ዐቢይ ቀመር ይሉአቸዋል። 76 ማለት 19 በ4 ሲባዛ ነው፤ 532 ደግሞ 76 በ7 ሲባዛ ነው። 4 የወንጌላውያን ዘመን ነው፤ ጳጉሜን በ4 ዓመት አንድ ጊዜ 6 ቀን ትሆናለች። 7 የሳምንቱ ዕለታት ናቸው። በ19 ዓመት ደግሞ ጨረቃ 235 ጊዜ ተወልዳ ወደ ቀድሞው ቀንዋ ትመለሳለች።

ማባዛቱ ስለ ምን አስፈለገ? አንድ ነጋዴ ከደባርቅ በየ4 ቀኑ፥ ሌላው በየ6 ቀኑ ሊማሊሞን ወርደው ወደ እኛ ቢመጡ፥ ዛሬ ከተገናኙ እንደገና የሚገናኙት በ24 ቀን ሳይሆን በ12 ቀን ነው፤ 4ንም 6ንም 2 ያካፍላቸዋልና። ከ4፥ ከ7ና ከ19 ግን ማናቸውንም ሁለቱን ከ1 በቀር አብሮ የሚያካፍል ቍጥር የለም። ስለዚህ ሦስቱ ዙሮች የሚገጥሙት 532 ዓመት ሲሞላ ብቻ ነው። በአውሮፓም የአኲታንያው ቪክቶሪዩስ በ457 እ.ኤ.አ. የፋሲካ ሰንጠረዡን የሠራው በዚሁ ቍጥር ነው።

2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለም 7518 ይሆናል። ይህን ለ532 ስናካፍል 14 ጊዜ ደርሶ 70 ይተርፋል። ከእንግዲህ ትልቁን ቍጥር መሸከም አያስፈልግም፤ 70 ይበቃል። 7518ንም 70ንም ለ4 ብናካፍል 2 ይተርፋል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው። 70ና ሩቡ 17 ሲደመሩ 87 ናቸው፤ ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ከማክሰኞ ጀምረን ብንቈጥር መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። 70ን ለ19 ስናካፍል 13 ይተርፋል፤ አንዱ ተቀንሶ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ19 ተባዝቶ 228፥ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ሆነ። መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25፥ ዐቢይ ጾም የካቲት 9፥ ፋሲካ ሚያዝያ 4።

እውነት ለመናገር አላመንንም ነበር። 532 ዓመት ወደ ኋላ ሄደን 1486 ዓ.ም.ን፥ የዐፄ እስክንድርን ዘመን፥ ብናሰላ ያው ሚያዝያ 4 መጣ። ወደ ፊትም 2550ን ብንሞክር እንዲሁ ሆነ። ይህን ለማጣራት እኛ ሁለት ገጽ ወረቀት ጨረስን፤ መሪጌታው ግን ጣታቸውን ብቻ አይተው፥ «አዎን፥ ልክ ነው» አሉን።