«ይሁን» ያለ ሰው ተስማምቷል ወይ?

(በአሰላ በተደረገው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ንግግር አድርግ ብለው ሲደውሉልኝ መጀመሪያ «እኔ የእርሻ ሰው ነኝ፣ ተናጋሪ ፈልጉ» አልኩ። በሁለተኛው «እስቲ ላስብበት» አልኩ። በሦስተኛው «ይሁና!» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። በሳምንቱ የደረሰኝ ደብዳቤ «ንግግር ለማድረግ በደስታ ስለተስማሙ እናመሰግናለን» ይላል። በደስታ! ስቄ ሳበቃ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እኔም በሥራ ዘመኔ ሰው ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነበርና።

የቋንቋ ሰው አይደለሁም፤ ከተሳሳትኩ እዚህ የተቀመጣችሁ የቋንቋ መምህራን ታርሙኛላችሁ። አማርኛ ለሙሉ ስምምነት «ተስማማ» የሚል ግሥ አለው። ሥሩ «ሰማ» ነው፤ የተስማሙ ሰዎች የተሰማሙ ናቸው፣ አንዱ የሌላውን ቃል የሰማ። በአፋን ኦሮሞ ደግሞ «ወሊገሉ» ነው፤ «ወሊ» እርስ በርስ፣ «ገሉ» መግባት፣ ወደ ቤት እንደሚገባ ሰው። ሁለቱም ቃላት ሁለት ወገን ይፈልጋሉ። ብቻውን የተስማማ ሰው የለም።

ሳይወድ ለሚስማማውስ? «አቅማማ» የሚል ጥሩ ግሥ አለን፤ እሱ ግን መወላወሉን እንጂ መቀበሉን አይናገርም። ስለዚህ «እያቅማማ እሺ አለ» ብለን እንቀጥልበታለን። «ሳይወድ በግዱ ተቀበለ» ስንል ደግሞ ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው ነው የሚናገረው፤ ባለቤቱ ራሱ ፊት ለፊት «ሳልወድ በግዴ ተቀብያለሁ» አይልም፣ ነውር ነው። ባለቤቱ የሚለው «ይሁን» ነው። ድምፁ ሲረዝም «ይሁና»፣ ሲደክመው «ይሁን እንግዲህ»፣ ሸክሙን መልሶ ሊያሸክማችሁ ሲፈልግ «ካላችሁ ይሁን»።

ይህችን ቃል ልብ ብላችሁ እዩልኝ። «እስማማለሁ» ውስጥ እኔ አለሁ። «እሺ አልኩ» ውስጥም ቢያንስ ያልኩት እኔ ነኝ። «ይሁን» ውስጥ ግን እኔ የለሁም፤ የሚሆነው ነገሩ ነው። እኔ ከመንገዱ ዞር አልኩ እንጂ አብሬ አልሄድኩም። አርሲ ላይ የሚባለው «ሃ ተኡ» እንዲሁ ነው፤ ቃል በቃል «ይሁን»።

እንዲህ ያለው እሺታ ሁልጊዜ መጥፎ ነው አልልም። እንግዳ ሆናችሁ ስትሄዱ መጀመሪያውኑ «እበላለሁ» የሚል ማን ነው? «በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ»፣ ከዚያ «በሞቴ!» ሲመጣ «ይሁን እንግዲህ»። ያ ማቅማማት ጨዋነት ነው። እርቅም ላይ እንዲሁ ነው። የተበደለው ሰው ሽማግሌ ፊት በአንድ ቃል እሺ ቢል የደረሰበትን በደል ያቀለዋል። እምቢ ይላል፣ ይቆጣል፣ ቀጠሮ ይረዝማል፤ በመጨረሻ «ስለ እናንተ ስል ትቻለሁ» ይላል። ስለ በዳዩ ሲል አይደለም፣ ስለ ሽማግሌዎቹ! እዚሁ አርሲ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በሁለት ተጣዮች መሃል ሲቆሙ የቱንም ያህል የተቆጣ ወንድ ይመለሳል። ሲንቄ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበላት ዘንግ ናት፤ እሷን ጥሶ ማለፍ እርግማን አለው። የሚመለሰው ሰው ቁጣው ስለበረደ አይደለም፤ ሳይበርድ መመለሱን ደግሞ አገር ሁሉ ያያል። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች ማቅማማቱ ይሰማል፣ ይታወቅለታል፣ በካሳም ሆነ በክብር ይመለስለታል።

ችግሩ የሚጀምረው ወረቀት ሲመጣ ነው። ወረቀት ድምፅ አይሰማም።

ያንን ዘመን የምታስታውሱ እዚህ አላችሁ። በ1978 ዓ.ም አርሲ ውስጥ የመንደር ምሥረታ ሲካሄድ ገበሬው ቤቱን በገዛ እጁ አፍርሶ፣ ማገርና ወጋግራውን ተሸክሞ፣ በገመድ በተቀየሰ መስመር ላይ መልሶ ሠራ። በየስብሰባው እጅ ወጥቷል፣ ተጨብጭቧል፣ ሪፖርትም ተጽፏል። በ1982 ዓ.ም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅና የላይኛው እጅ ሲላላ ብዙው ሰው ያንኑ ቤት እንደገና አፍርሶ ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመለሰ። ማንም ሂድ አላለውም። መጀመሪያም ያለው «ይሁን» ነበር፤ «ተስማማሁ» ብለው የጻፉለት ሌሎች ናቸው።

ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ እኔ ራሴ ያጠፋሁት። በ2002 ዓ.ም ሳጉሬ አካባቢ የልማት ሠራተኛ፣ ዲኤ ነበርኩ። በቀበሌው አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ መሬታቸውን ግማሹን ስንዴ፣ ግማሹን ገብስ ይዘሩታል። እኔ ደግሞ ሁሉንም ኩብሳ ስንዴ እንዲያደርጉት ፈለግሁ። ኩብሳ ያኔ በሰፊው የሚዘራ፣ ምርቱም የሚያጓጓ ዝርያ ነበር። መጀመሪያ ስሄድ «ገብሱን ማን ይተካልኛል?» አሉኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ምንም ሳይሉ በበትራቸው መሬት ጫር ጫር ያደርጉ ጀመር። በሦስተኛው የቀበሌውን ሊቀመንበር ይዤ ሄድኩ። ወተት ቀረበልን። ጠጣን። ከዚያ «ሃ ተኡ» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ጭላሎ አዙረው። እኔ እዚያው ጉልበቴ ላይ ቅጹን ዘርግቼ «ተስማምተዋል» በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ። (ቅጹ በአፋን ኦሮሞ ነበር፤ ነገሩ ግን ያው ነው።) ስንዴው ብቻውን አልነበረም፤ ማዳበሪያም በዱቤ ወሰዱ።

የዚያ ክረምት ቢጫ ዋግ አገሩን እንዴት እንዳደረገው የእርሻ ሰዎች ታስታውሳላችሁ። ኩብሳ አልቻለውም። ቅጠሉን በጣት ሲያሹት ቢጫ ዱቄት ይቀራል፤ ከሩቅ ሲያዩት ማሳው ያለ ጊዜው የደረሰ ይመስላል። ሽማግሌው ካሰቡት ጥቂቱን አጨዱ። ዱቤው ግን ዋግ አይመታውም፤ ወይፈን ሸጠው ከፈሉ።

ኅዳር ላይ እያፈርኩ ሄድኩ። ከቤቱ ጀርባ፣ ከመንገድ በማይታይበት በኩል፣ አንዲት ጠባብ የገብስ ማሳ ቆማለች። ለበሶና ለጩኮ የምትሆን ያህል። ዓይኔን ተከትለው አዩና ሳቁ። «ልጄ፣ ያኔ ሃ ተኡ ያልኩህ ለመሬቱ አልነበረም» አሉኝ። «ሦስት ጊዜ ተመላልሰህ ስለደከምክ፣ ሊቀመንበሩንም ደጄ ላይ ስላየሁ ነው።»

ዋጉን እኔ አላመጣሁትም፤ የዚያን ዓመት እንዲህ ይከፋል ብሎ የነገረኝም አልነበረም። እሳቸውም ስለ ዋግ ብለው አልነበረም ያቅማሙት። ግን መሬታቸውን በሙሉ ለአንድ ዘር አሳልፎ መስጠት አንድ ነገር እንዳለው ያውቁ ነበር። ያ እውቀት እኔ ዘንድ የደረሰው በዝምታና በበትር ጫሪት ነው፤ ቅጹ ላይ ደግሞ ለዝምታ የሚሆን ሳጥን አልነበረም። ቢኖር እንኳ እሞላው ነበር ወይ? እርግጠኛ አይደለሁም። የዕቅዴ ቁጥር ሞልቶ ነበራ!

ይህን የማወራው ለመምህራኖቻችን ነው። ሐኪም፣ ነርስና የእርሻ ባለሙያ ታስተምራላችሁ። ተማሪዎቻችሁ ለመመረቂያ ጽሑፍ በየገጠሩ መጠይቅ ይዘው ይወጣሉ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ለመሳተፍ ፈቃደኛ ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገርና የጣት አሻራ ቦታ አለ። ፈቃድ የሚለው ቃል ከባድ ነው፤ መፈለግ አለበት ውስጡ። ነጭ ጋዋን ለለበሰ ልጅ፣ ከጤና ጣቢያ መጣሁ ለሚል ሰው፣ እምቢ የምትል እናት ስንት ናት?

እኔ ከዚያ ዓመት በኋላ አንድ ልማድ ያዝኩ። ከሳጥኑ ጎን ሰውዬው ያለውን ቃል፣ በአነጋገሩ፣ እንዳለ እጽፋለሁ። «እሺ»፣ «ይሁን»፣ «ካላችሁ»፣ «ባሌ ይምጣና»። ሌላ ቀን ብቻዬን፣ ያለ ሊቀመንበር ተመልሼ «ይቅርብኝ ቢሉ የሚመጣብዎት ነገር አለ ብለው ያስባሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ስንቱ «ይሁን» እዚህ ጥያቄ ላይ እንደሚፈታ ሞክሩትና እዩ። ከሁሉ የምፈራው ግን «እናንተ ታውቃላችሁ» የሚለውን ነው። እሱን ስሰማ ቅጹን ባዶውን ይዤ እመለሳለሁ።

የዚያን ጊዜ አለቆቼ በዚህ አልተደሰቱም፤ ሥራ ያዘገያል አሉ። ሦስት ጊዜ አስረዳኋቸው። በሦስተኛው «ይሁን እስቲ» አሉ። ማስታወሻዬ ላይ እንዳለ ጽፌዋለሁ።