እጩ መምህርና የአማካሪው አስተያየት
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



ጀምስ ዋት በ1788 እ.ኤ.አ. በእንፋሎት ሞተር ላይ ያዋለው የፍጥነት መቆጣጠሪያ ለዚህ ጉባኤ እንግዳ አይደለም። ሞተሩ ሲፈጥን ሁለቱ የብረት ኳሶች ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ የእንፋሎቱ መግቢያ ይጠባል፤ ፍጥነቱም ይበርዳል። ሆኖም መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ሞተር ሁሉ አልተረጋጋም፤ አንዳንዱ ከፍ ዝቅ እያለ ሲዋልል ይውል ነበር። ጀምስ ክላርክ ማክስዌል በ1868 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የዚህን መዋለል ጠባይ በሒሳብ መርምሮታል። የዘገየ ወይም ከመጠን ያለፈ እርማት ራሱ የነውጥ ምንጭ እንደሚሆን ዛሬ ማንኛውም መሐንዲስ ያውቃል።

ግብረ መልስ የሚባለው አሳብ ከምህንድስና ወደ መማሪያ ክፍል ሲሻገር ግን ይህ ጥንቃቄ በመንገድ የቀረ ይመስላል። አስተያየት እስከተሰጠ ድረስ ይጠቅማል የሚል እምነት ሰፍኗል። አቭራሃም ክሉገርና አንጀሎ ዴኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1996 እ.ኤ.አ. ቀደም ያሉ ጥናቶችን ሰብስበው 607 ውጤቶችን ሲመዝኑ፣ ግብረ መልስ በአማካይ ቢጠቅምም ከሲሶ በሚበልጡት ውስጥ የሰውን ሥራ ያዳከመ ሆኖ አግኝተውታል። በማብራሪያቸውም መሠረት፣ አስተያየቱ ከሥራው ርቆ ወደ ሠራተኛው ማንነት በተጠጋ መጠን ጥቅሙ ይቀንሳል። ይህም ወቀሳን ብቻ ሳይሆን ውዳሴንም ይጨምራል።

ከማኅበሩ አባላት መካከል በቴክኒክ ኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲዎች ለማስተማር የሚገቡት ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ለልምምድ ወደ ትምህርት ቤት የተላከ አንድ የፊዚክስ እጩ መምህር በምሳሌነት ቢወሰድ ጉዳዩ ይበልጥ ይቀርባል። እጩው የኦምን ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ያብራራል፤ በየመካከሉም «ገባችሁ?» ይላል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ከኋላ የተቀመጡት አማካሪ መምህር ደወሉ ሲደወል «ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ክፍሉን ይበልጥ ተቆጣጠር፤ በራስህም ተማመን» ቢሉት፣ እጩው በአክብሮት አንገቱን ነቅንቆ ይሄዳል። በማግሥቱ ምን እንደሚለውጥ ግን አያውቅም። ምናልባት ድምፁን ከፍ ያደርግ ይሆናል።

አማካሪው ያንኑ ትምህርት ተከታትለው «አሥር ጊዜ ገባችሁ ብለህ ጠየቅህ፤ አሥር ጊዜም አዎ ተባልህ። ከመስኮቱ ወገን ያሉት ግን አንድም መሥመር አልጻፉም። ያልገባው ተማሪ በምን ታወቀ?» ቢሉትስ? ይህ ስለ ጠባዩ የተሰጠ ፍርድ አይደለም፤ ሁለቱም ያዩትን ነገር በመካከላቸው ማስቀመጥ ነው። እጩውም በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ 12 ቮልት ባትሪ፣ ተከታትለው የተያያዙ ባለ 4 እና ባለ 2 ኦም ሬዚስተሮችን ሥሎ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ የሚያልፈውን ከረንት ሁሉም በወረቀት እንዲጽፉ ያዛል። 2 አምፔር ብለው የሚጽፉ ይኖራሉ። ለአንደኛው 3፣ ለሁለተኛው 6 ብለው የሚጽፉም አይጠፉም፤ ቮልቴጁን በሙሉ ለየሬዚስተሩ አካፍለዋልና። ከረንት በመጀመሪያው ሬዚስተር ውስጥ ሲያልፍ በከፊል ተበልቶ ያልቃል ብለው የሚያምኑም አሉ። በ«አዎ!» ሥር ተደብቆ የነበረው ይህ ነው። እነዚህ ተማሪዎች ሳይታወቁ ቢያልፉ፣ ጉዳቱ የሚደርሰው በእጩው ማርክ ላይ ሳይሆን በእነርሱ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የእጩው ድርሻ ከአማካሪው አያንስም። በአገራችን ልማድ ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል፤ ይህ መልካም ነው። ሆኖም ዝም ብሎ ማዳመጥ አስተያየቱን መረዳት ማለት አይደለም። «ጋሼ፣ ይህን ያዩት በየትኛው ደቂቃ ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። የሰማውንም በራሱ ቃል በማስታወሻ ደብተሩ አስፍሮ፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የሚሞክረውን አንድ ነገር ብቻ መምረጥ አለበት። አሥራ አምስት ነጥብ የተጫነበት እጩ አንዱንም ሳያሻሽል ይቀራል፤ እርማቱ ከመጠን አልፏልና እንደዚያ ሞተር ይዋልላል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ማርክ ነው። አስተያየት ሰጪው ማርክ ሰጪም ሲሆን እጩው ድክመቱን ይሸሽጋል። ለምርመራው ቀን የተለማመደውን ትምህርት ያቀርባል፤ የሚከብደውን ርዕስ ላልተጎበኘ ቀን ያቆያል። (የዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ቅጽ በሚሞላበት ሰሞን በመሥሪያ ቤቶች የሚታየው ትጋትም ከዚህ ብዙ አይርቅም።) በ1963 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የአጭር ትምህርት ልምምድ ለዚህ ጥሩ ብልሃት አለው። እጩው ለጥቂት ተማሪዎች ለጥቂት ደቂቃዎች ያስተምራል፤ አስተያየት ይቀበላል፤ ያንኑ ትምህርት ለሌሎች ተማሪዎች ደግሞ ያስተምራል። ስሕተቱ ወዲያው የሚታረምበት ዕድል ስላለው የሚሸሽገው ነገር ያንሳል።

በእኛም አገር በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተካሄደው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ለትምህርት ቤት ልምምድ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። ይሁን እንጂ አማካሪ የሚሆነው መምህር የራሱን ክፍለ ጊዜያት ሳይቀነሱለት እጩውን ሲከታተል፣ አስተያየቱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲኬድ በበረንዳ ላይ የሚጣል ቃል ይሆናል፤ አለዚያም ለሳምንቱ መጨረሻ ይተላለፋል። በዚያን ጊዜ እጩው ያንኑ ስሕተት ለሌሎች ክፍሎች ደግሞታል። ስለዚህ እጩ የሚቀበል ማንኛውም ኮሌጅ መርሐ ግብሩን ሲያወጣ፣ ከታየው ትምህርት ቀጥሎ ያለውን አንድ ክፍለ ጊዜ ለሁለቱም ነፃ አድርጎ ቢመድብ፣ ወጪው የአንድ መምህር አርባ ደቂቃ ነው።