ለትንንሽ እጆች ሥራ እንስጣቸው



በከተማችን እናት ለሥራ ስትወጣ ልጇን ለሞግዚት ወይም ለጎረቤት አደራ ትላለች። ልጁ በዚያ ቤት «አርፈህ ተቀመጥ!» እየተባለ ብቻ እንዳይውል እጁ ሥራ ያስፈልገዋል። ይህም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

የደብረ ታቦር ልጆች ነሐሴ 13 ቀን ለሚከበረው ቡሄ ጅራፍ ይገምዳሉ፤ ለእንቁጣጣሽም አበባ ሥለው ለጎረቤት ያድላሉ። ጅራፉ ለትልልቆቹ ነው። ለትንንሾቹ ግን ንጹሕ የሸክላ አፈር ለውሳችሁ ስጧቸው፤ ላምና በግ፣ ጀበናና ስኒ ይሠሩበታል። ከቀይ ሥር ቀይ፣ ከእርድ ቢጫ፣ ከከሰል ጥቁር ቀለም ይገኛል። ከቁራጭ ጨርቅም አሻንጉሊት ይሠራል። ሥራው ሲያበቃ እጃቸው በሳሙና ይታጠብ።

ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ዶቃ፣ ቁልፍና ባቄላ አትስጡ፤ ወደ አፉ ቢከተው ሊያንቀው ይችላል።

ማታም ልጁ የሠራውን ሲያሳያችሁ «ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሲያስረዳችሁ አንደበቱ ይፈታል። ይህ የእናት ሥራ ብቻ አይደለም፤ አባትም አጠገቡ ቁጭ ይበል። አራርቆ መውለድ ከሚሰጠን ጥቅም አንዱ ለእያንዳንዱ ልጅ እንዲህ ያለ ጊዜ ማግኘታችን ነው።